ፖሊስ ሰው ላይ መተኮስ የሚችለው መቼ ነው? የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

አንድ ሰው በፖሊስ ጥይት ሲሞት ሁለት ወሬ ቶሎ ይናፈሳል። አንዱ «ሟቹ እኮ ወንጀለኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ባዶ እጁን ነበር» ይላል። ሁለቱም ብቻቸውን ነገሩን አይቆርጡትም። የአሜሪካ ሕግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ፖሊሱ ቃታውን ሲስብ በዓይኑ ካየውና በጆሮው ከሰማው ተነሥቶ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው» ብሎ ማመኑ ምክንያታዊ ነበር ወይ? ሟቹ በእርግጥም ሌባ ሆኖ ተኩሱ ሕገ ወጥ ሊባል ይችላል። ሟቹ ምንም ሳይዝ ተኩሱ ሕጋዊ ሊባልም ይችላል። ይህች ጥያቄ ካልተጨበጠች ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ይምታታል።

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲም ሆነ ሚኒያፖሊስ ለሚኖር ሐበሻ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሌሊት ታክሲና ኡበር የሚነዳ፣ ሱቅ የሚዘጋ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይመለከተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገዳይ ኃይል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰውን ሊገድል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ማንኛውም ኃይል ነው። የሚለካው በአደገኛነቱ እንጂ በውጤቱ አይደለም። ስለዚህ ፖሊስ ሰው ላይ ተኩሶ ቢስትም ገዳይ ኃይል ተጠቅሟል። እግር ላይ ቢያነጣጥርም ያው ነው። ሽጉጥ ባይኖርም ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላትን በዱላ መምታት፣ አንገትን አንቆ መያዝ፣ በመኪና መግጨት ሁሉ ከዚህ ይገባሉ። ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 የሞተው አንድም ጥይት ሳይተኮስ፣ አንገቱ ላይ ለ9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ በተጫነ ጉልበት ነው።

«እግሩን መትቶ አይጥለውም ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ነው። የሚሮጥ ሰው እግር ቀጭን ነው፤ በየቅጽበቱ ቦታውን ይቀይራል፤ የሳተች ጥይት ደግሞ ከኋላው ያለ ሰው ላይ ታርፋለች። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ስላለ እሱ የተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ፖሊስ ሥልጠና ወደ ደረት መተኮስን ያስተምራል፤ ከዚያም «መተኮስ የሌለበት ሰው ከሆነ እግሩም ላይ አትተኩስ» ይላል። ለማስፈራራት ወደ ሰማይ መተኮስንም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይከለክላሉ፤ ወደ ላይ የወጣች ጥይት መውረዷ አይቀርም።

የሚሸሽ ሰው ላይ መተኮስ ይቻላል?

የሕጉ ሁሉ መሠረት እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጥቅምት 3 ቀን 1974 ከምሽቱ 4፡45 ገደማ፣ ሜምፊስ ከተማ። ጎረቤት «ሌባ ገብቷል» ብላ ደውላ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ወደ ቤቱ ጀርባ ሲዞር በር ድው ብሎ ሲዘጋ ሰማ፣ ግቢውን አቋርጦ የሚሮጥ ሰውም አየ። ሯጩ 6 ጫማ የሚሆን የሽቦ አጥር ሥር ደርሶ ቁጢጥ አለ። ፖሊሱ ባትሪውን ሲያበራበት ፊቱንና እጆቹን አየ፤ መሣሪያ የሚመስል ነገር አላየም። «ቁም!» አለው። ልጁ አጥሩን መውጣት ጀመረ። ፖሊሱ «ከዘለለ አልደርስበትም» ብሎ ተኮሰ፤ ጥይቷ የጭንቅላቱን ጀርባ መታችው። ኤድዋርድ ጋርነር ይባላል፤ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከቤቱ ተወስዶ እሱ ዘንድ የተገኘው አንድ ቦርሳና 10 ዶላር ነው።

ፖሊሱ የቴኔሲን ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ የሚሸሽን ከባድ ወንጀለኛ ለመያዝ «አስፈላጊውን መንገድ ሁሉ» ይፈቅድ ነበርና። ይህ ከድሮው የእንግሊዝ ሕግ የተወረሰ ነው። በዚያ ዘመን ከባድ የሚባል ወንጀል ሁሉ ማለት ይቻላል ቅጣቱ ሞት ስለነበር ሯጩን መግደል የማይቀረውን ፍርድ እንደማፋጠን ይታይ ነበር። የልጁ አባት ከሰሱ፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1985 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ያንን ልማድ ሻረው። ዳኛ ባይረን ዋይት የጻፉት መርሕ እስካሁን ይሠራል፦ ፖሊስ የሚሸሽን ሰው ለማስቆም ገዳይ ኃይል መጠቀም የሚችለው ሰውዬው ለፖሊሱ ወይም ለሌሎች የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው፣ ማምለጡንም በሌላ መንገድ ማስቆም ካልተቻለ ብቻ ነው። የሚቻል ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። ተጠርጣሪዎች ሁሉ ከሚያመልጡ ቢሞቱ ይሻላል የሚባል ነገር የለም ሲሉም በግልጽ ጽፈዋል።

ልብ በሉ፤ ውሳኔው «የሚሸሽ ሰው አይተኮስበትም» አላለም። አሁን ሰው በጥይት መትቶ፣ ሽጉጡን እንደያዘ ወደ ሕዝብ መሀል የሚሮጥ ሰው ላይ መተኮስ ይቻላል። መኪና ሰርቆ፣ ወይም የፍርድ ቤት ማዘዣ ወጥቶበት፣ ወይም ፈርቶ ብቻ የሚሮጥ ሰው ላይ ግን አይቻልም። መሸሽ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ሞት የሚያስፈርድ ጥፋት ግን አይደለም።

ዳኛው ነገሩን የሚያየው በማን ዓይን ነው?

ሁለተኛው ምሰሶ በ1989 ተተከለ። ዴቶርን ግራሃም በሻርለት፣ ሰሜን ካሮላይና የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ነበር። በ1984 ስኳሩ ሲወርድበት የብርቱካን ጭማቂ ለመግዛት ጓደኛው በመኪና ወደ ሱቅ አደረሰው። ሰልፉ ረጅም ሆኖ ሲያገኘው ቸኩሎ ወጣ። ፈጥኖ ገብቶ ፈጥኖ መውጣቱ ያጠራጠረው ፖሊስ መኪናውን አስቆመ። ከተጨማሪ ፖሊሶች ጋር በተፈጠረው ግርግር ግራሃም በካቴና ታሰረ፤ እግሩ ተሰበረ፣ ትከሻው ተጎዳ። ሱቁ ውስጥ ምንም እንዳልተፈጸመ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋና ዳኛ ዊሊያም ሬንኲስት በዚህ ጉዳይ የጻፉት መመዘኛ ገዳይ ኃይልን ጨምሮ የፖሊስ ኃይል ሁሉ የሚለካበት ሆነ። ሚዛኑ የፖሊሱ ልብ ቅን ወይም ክፉ መሆን አይደለም፤ በዚያ ቦታ የቆመ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ፍርዱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ በኋላ የታወቀው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጠርም። ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ፦ የተጠረጠረው ወንጀል ክብደት፣ ሰውዬው በዚያው ቅጽበት አደጋ መሆን አለመሆኑ፣ እስርን በኃይል እየተቃወመ ወይም እየሸሸ መሆን አለመሆኑ። ከሦስቱ ትልቁ ክብደት የሚሰጠው መካከለኛው ነው።

«ባዶ እጁን» የተገደለ ሰው ጉዳይ አንዳንዴ ለምን ሕጋዊ እንደሚባል ከዚህ ይገባናል። ጨለማ ውስጥ «እጅህን አሳይ» የተባለ ሰው ከኪሱ ጥቁር ነገር መዝዞ ቢያነጣጥር፣ ነገሩ በኋላ ስልክ ሆኖ ቢገኝም ጥያቄው «ስልክ ነበር ወይ?» አይሆንም። «በዚያ ብርሃን፣ በዚያ ርቀት ሽጉጥ ነው ብሎ መሳሳቱ ምክንያታዊ ነው ወይ?» ይሆናል። ለቤተሰብ ይህ መራራ ነው፤ መራራነቱንም መካድ አይገባም። ግን «ፈራሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ለፖሊሱ አይበቃውም። ፍርሃቱን የፈጠረውን ነገር ቆጥሮ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እጁ የት ነበር፣ ምን አለ፣ ስንት ሜትር ይርቅ ነበር?

ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ይህን «ቅጽበት» አጥብበው የተኩሱን ሁለት ሰከንድ ብቻ ያዩ ነበር። ሂውስተን አካባቢ በ2016 ያልተከፈለ የመንገድ ክፍያ ያለበት መኪና የሚነዳ ወጣት ቆመ፤ ቆይቶ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ፖሊሱ የበሩ ደፍ ላይ ዘሎ ቆመ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተኮሰ፤ ወጣቱ ሞተ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች «በተኮሰበት ቅጽበት ሕይወቱ አደጋ ላይ ነበር» ብለው ዘጉት። ግንቦት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ «አይሆንም» አለ። ዳኛ ኤሌና ኬገን እንደጻፉት ከዚያ በፊት የሆነውም ሁሉ መታየት አለበት፤ ለምን እንደቆመ፣ ምን እንደተባባሉ፣ ነገሩ እንዴት እንደተካረረ። ሆኖም ፖሊሱ ራሱ አደጋውን መፍጠሩ ምን ያህል ሊከብድበት ይገባል የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልቆረጠውም፤ ክርክሩ ገና ይቀጥላል።

አደጋው «በቅጽበት የደረሰ» የሚባለው መቼ ነው?

የፖሊስ አሠልጣኞች በሦስት ቃል ያስተምሩታል፦ ችሎታ፣ ዕድል፣ ዓላማ። ቢላ የያዘ ሰው የመጉዳት ችሎታ አለው። 50 ሜትር ርቆ ከቆመ ግን ዕድሉ የለውም። አጠገብ ቆሞ ሽንኩርት እየከተፈ ከሆነ ደግሞ ችሎታውም ዕድሉም እያለ ዓላማው የለም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው አደጋው ደረሰ የሚባለው። «ነገ ይመለስና ይገድለን ይሆናል» የሚል ሥጋት፣ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ለመያዝ እንጂ ለመተኮስ ምክንያት አይሆንም።

በቢላ ጉዳይ «የ21 ጫማ ደንብ» የሚባል ነገር ትሰሙ ይሆናል። ይህ ሕግ አይደለም። በ1983 አንድ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ ባደረገው ሙከራ ቢላ የያዘ ሰው 6 ሜትር ከግማሽ የሚጠጋውን ርቀት በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይጨርሳል፤ ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስም ያንኑ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። የሙከራው ቁም ነገር «ራቅ በል፣ መከለያ ያዝ» ነበር። ነገሩ ተገልብጦ «ከ21 ጫማ ወዲህ ከሆነ ተኩስ» ተብሎ ሲነገር ግን ስሕተት ነው።

አደጋው ሲያበቃ ተኩሱም ያበቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ባየው የመኪና ማሳደድ ጉዳይ ፖሊሶቹ 15 ጥይት መተኮሳቸውን አልነቀፈም፤ አደጋው እስኪቆም ማቆም አይጠበቅባቸውም ብሏል። የዚህ ግልባጩም እኩል እውነት ነው፦ ሰውዬው ወድቆ መሣሪያው ከእጁ ከወጣ በኋላ የምትጨመር አንዲት ጥይት ራሷን የቻለች ወንጀል ልትሆን ትችላለች።

የየስቴቱ ሕግ ይለያያል?

አዎ፣ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህን ነው። እስካሁን ያልነው የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ (ያለ አግባብ መያዝንና መፈተሽን የሚከለክለው አንቀጽ) የሚያስቀምጠው ወለል ነው፤ ከወለሉ በታች መውረድ አይቻልም፣ ስቴት ግን ከዚያ በላይ ማጥበቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ «ምክንያታዊ» በሚለው ላይ «አስፈላጊ» የሚል ቃል ጨመረ፤ ሌላ አማራጭ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ይገባል። ሚኒሶታ ከፍሎይድ ሞት በኋላ ሕጉን ሲያሻሽል ፖሊሱ አደጋውን ለይቶ ማስረዳት እንዲችል ጠየቀ፤ ለራሱ ብቻ አደጋ የሆነ ሰው ላይ፣ ማለትም ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ላይ፣ ገዳይ ኃይልን ከለከለ። ቨርጂኒያም ሲቻል ማስጠንቀቅንና ሌሎች አማራጮችን መሞከርን በሕግ አስገብታለች። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ኃይል «አስፈላጊና ተመጣጣኝ» እንዲሆን ታዝዛለች፤ ሆን ብሎ ይህን ጥሶ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያደረሰ ፖሊስ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ከሕጉ ሌላ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 ያወጣው መመሪያ መኪና ለማስቆም ብቻ መተኮስን ይከለክላል፤ ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስም ጣልቃ የመግባት ግዴታ አለበት። መመሪያ የጣሰ ፖሊስ ከሥራ ሊባረር ይችላል፤ መመሪያ መጣስ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም።

«ታዲያ ለምን አልታሰረም?»

ምክንያቱም አንድ ተኩስ ሦስት የተለያዩ ፋይሎች ይከፍታል፤ የአንዱ ውጤት ሌላውን አያስገድድም።

የወንጀሉ ፋይል ከሁሉም ይከብዳል። ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ የጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) አባላትም ሁሉ መስማማት አለባቸው። በፌዴራል ደረጃ ለመክሰስ ደግሞ ፖሊሱ «አውቆ» መብት መጣሱ መረጋገጥ አለበት፤ ስሕተትና ቸልተኝነት አይበቁም። በስቴት ሕግ ግን ስሕተትም ሊያስቀጣ ይችላል። በብሩክሊን ሴንተር፣ ሚኒሶታ በ2021 ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ) የያዘች መስሏት በሽጉጥ ተኩሳ አንድ ወጣት የገደለች ፖሊስ ጥፋተኛ ተብላ 2 ዓመት ተፈርዶባታል።

ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ምርመራ ነው። ፖሊሱ ሽጉጡን ያስረክብና ደመወዝ እየተከፈለው ከመደበኛ ሥራ ይነሣል፤ ይህ ሽልማት አይደለም፣ የተለመደ አሠራር ነው። «ካልተናገርክ ትባረራለህ» ተብሎ የሰጠው ቃል በ1967 በተወሰነ ፍርድ መሠረት በወንጀል ክስ ማስረጃ ሊሆንበት አይችልም። ሁለቱ ምርመራዎች በተለያዩ ሰዎች የሚካሄዱትና ጊዜ የሚፈጁት ለዚህ ነው። ማን እንደሚመረምርም ይለያያል፦ በሜሪላንድ ከፖሊስ ጋር የተያያዘ ሞትን የሚመረምር ራሱን የቻለ ክፍል በስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር አለ፤ በዲሲ የመክሰሱን ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ሦስተኛው ቤተሰብ የሚያቀርበው የካሳ ክስ ነው። የማስረጃው ሸክም ቀላል ነው፤ ሚዛኑ ወደ ከሳሽ ትንሽ ካጋደለ ይበቃል። ግን ደጁ ላይ ሌላ አጥር አለ፦ ለፖሊስ የሚሰጠው ከተጠያቂነት ከለላ። ከሳሹ መብት መጣሱን ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀደም በጣም በሚመሳሰል ጉዳይ «ይህ ሕገ ወጥ ነው» የሚል ፍርድ መኖሩን ማሳየት አለበት። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አየ። አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ የወጥ ቤት ቢላ ይዛ ከጓደኛዋ 6 ጫማ ያህል ርቃ ቆማ ነበር፤ ፖሊሱ በአጥሩ ሽቦ መሀል 4 ጊዜ መታት። ተረፈች። ጓደኛዋ ሥጋት እንዳልተሰማት ተናገረች። ፍርድ ቤቱ ግን ተኩሱ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳይመልስ፣ የሚመሳሰል የቀደመ ፍርድ የለም ብሎ ፖሊሱን ከክሱ አወጣው። ይህ አሠራር እንደ እኛ አመለካከት ከባዱ ጉድለት ነው፤ ጥያቄው ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ከሳሽም «የቀደመ ፍርድ» አይኖርለትም።

መኪና ሲያስቆሙን ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመናል?

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆም ከመኪና ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ጨዋነት ነው። እዚህ ይኸው ጨዋነት ወደ ፖሊሱ የሚመጣ፣ እጁ የማይታይ ሰው ያስመስላል። ችሎታ፣ ዕድል፣ ዓላማ የሚለውን አስታውሱ፤ ፖሊሱ የሚያነበው እጅ ነው። ስለዚህ ካልታዘዛችሁ አትውረዱ። ሌሊት ከሆነ የውስጡን መብራት አብሩ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ አድርጉ። መንጃ ፈቃዱ ኪስ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከሆነ አስቀድማችሁ አትቆፍሩ፤ ሲጠይቃችሁ ያለበትን ተናግራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አውጡ። «ውረድ» ካለ መውረድ ግዴታ ነው፤ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ «አምሃሪክ» በሉና እጃችሁን ከመሪው ላይ ሳታነሡ ጠብቁ።

የአእምሮ ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ተነሥቶበት 911 ስትደውሉ የምትሉት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ክብደት አለው። «ሊገድለን ነው» ብቻ ከተባለ ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ይደርሳል። ታሞ እንደሆነ፣ መሣሪያ ይኑረው አይኑረው፣ ቋንቋው አማርኛ እንደሆነ፣ የአእምሮ ሕመም የተነሣበትን ሰው ማረጋጋት የሠለጠነ ፖሊስ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ማንም አደጋ ላይ ካልሆነ 988፣ ማለትም የአእምሮ ጤና ችግር የእርዳታ መስመር፣ መደወል ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ያኔውኑ ነው። የፌዴራል የካሳ ክስ በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ 3 ዓመት ጊዜ አለው። በአካባቢ ሕግ ለሚቀርብ ጥያቄ ግን በዲሲ ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት በ6 ወር ውስጥ፣ በሜሪላንድ ለአካባቢው አስተዳደር በ1 ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካለፈ ጥያቄው በጊዜ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ምስል ነው። የሱቅና የጎረቤት ካሜራዎች ብዙዎቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳሉ። ጠበቃ እስኪገኝ ሳትጠብቁ የካሜራውን ባለቤት በዚያው ቀን «እባክዎ እንዳይጠፋ ያስቀምጡልን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጻፋችሁበትን ቀንና ሰዓትም ያዙ።